የፈረስ ስምና የክርስትና ስም

ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስም ነው፤ መታሰቢያ ማለት ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የምሥራቅ ጎጃም አጥቢያዎች ግን ቃሉ ከፍቺው ይልቅ በሥራው ይታወቃል። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፣ ድኻው ይበላል፣ የሟቹም ስም በጸሎት ይነሣል። ሟቹ ዕድሜ ጠግቦ የሞተ የቤት አባት ከሆነ፣ በዚያ ላይ በጠላት ጊዜ ዱር ቤቴ ብሎ የተዋጋ አርበኛ ከሆነ፣ መታሰቢያው ከሌላው ሰው መታሰቢያ የከበደ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሰብ የቱን ማሰብ ነው? ጠላትን የገደለውን ጎበዝ ነው ወይስ ልጅ ያሳደገውን ሽማግሌ? መታሰቡስ የሚጠቅመው ማንን ነው፣ የሄደውን ወይስ የቀረውን?

ጥያቄው የሚነሣበት ትውልድ የታወቀ ነው። የፋሺስት ጣልያን ጦር በግንቦት 1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገባ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መቶ ዓመቱን የሚደፍነው በ2013 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ያንን ዘመን መሣሪያ ይዞ ያየ ሰው ዛሬ ከየቤቱ አልፏል፤ የቀረው መታሰቢያው ነው። ጎጃም መጀመሪያ ላይ ብዙም ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ የመሣሪያ ገፈፋውና ግድያው ሲበረታበት በ1930 ዓ.ም. ተነሣ። ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ የገነኑ መሪዎች ሆኑ፤ የበላይ ዘለቀ አገር ቢቸና ነበር። ጣልያን በሞጣና በቢቸና ምሽግ ውስጥ ተከቶ ሲያድር፣ ከምሽጉ ውጭ ያለው ደጋና ቆላ በአመዛኙ የአርበኛው ነበር። ከመሪዎቹ ኋላ የተሰለፉት አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ወደ ሞፈርና ቀንበራቸው ተመለሱ፤ አገቡ፣ ወለዱ፣ ዳሩ፣ ሸመገሉ። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ስለሌለ የሚያስባቸው ዘመድ ብቻ ነው።

በላይ ዘለቀ ራሱ እንዲህ ያለ ዕድሜ አላገኘም። ድሉን ካየ በኋላ አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በጎልማሳነቱ የሞተ ጀግና በሰው አሳብ ውስጥ አያረጅም፤ እንደ ተነሣ፣ እንደ ፎከረ ይኖራል። አርጅቶ የሞተውን አርበኛ ግን የልጅ ልጆቹ የሚያውቁት ምርኩዝ ይዞ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ነው። ከእርሱ ጋር ስድሳና ሰባ ዓመት የኖረ ትዝታ አለ፤ ያ ትዝታ የጀብዱ ብቻ አይደለም።

በለቅሶው ላይ የሚነሣው የፈረስ ስሙ ነው። የፈረስ ስም ተዋጊው በፈረሱ ስም የሚጠራበት የማዕረግ ያህል የከበረ መጠሪያ ነው፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ በላይ ዘለቀም አባ ኮስትር ይባሉ ነበር። የዱሮው ወግ በደንብ ሲፈጸም የሟቹ ፈረስ ተጭኖ፣ ልብሱና ጠመንጃው ተይዞ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ወንዶቹ ቀረርቶና ፉከራ ያሰማሉ። የት እንደ ዋለ፣ ማንን እንደ ጣለ፣ የትኛውን ወንዝ በክረምት እንደ ተሻገረ ይነገራል። ይህ መታሰቢያ ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ለቅሶው የአደባባይ ምስክርነት ነበር፤ አብሮ የዋለ ጓድ ቆሞ እየሰማ ያልዋሉበትን ውያለሁ ማለት ነውር ነው። ምስክሮቹ ካለቁ በኋላ ግን የሚያርመው የለም። አንድ ሞርታር ሦስት ይሆናል፣ የተማረከው የተገደለ ይሆናል፤ ሰውየው እየገዘፈ በሄደ መጠን ፊቱ እየጠፋ ይሄዳል።

የፉከራው ትዝታ ሌላም ጉድለት አለበት፤ የድሉን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ አያነሣም። ከሞጣ ወደ ሰሜን፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው የአባይ የድንጋይ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ነው ይባላል። ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን ሰበሩት፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ሥራው በጦርነት ደንብ የሚያስመሰግን ነው። የሁለቱ ዳርቻ ሰው ግን ጣልያን ከወጣም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ገበያ ለመሄድ በገመድ እየተሳበ ያንን ገደል ሲሻገር ኖሯል። የአርበኛን ሕይወት በሙሉ ማሰብ የሰበረውንም፣ በገመድ የተሻገረውንም ማሰብ ነው። በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ዱር ሲገባ ሌላው ለጣልያን ያደረበት ጊዜም ነበር፤ ፉከራው የሁለተኛውን ስም አያነሣም፣ የእናታቸው ልቅሶ ግን ለሁለቱም እኩል ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሲደረስ የፈረስ ስሙ ከበር ይቀራል። ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስሙን ነው፤ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል የሚለውን፣ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ የሚሰጠውን ስም። አስከሬኑ ወደ መቃብር ሲሄድ ሰባት ጊዜ እያረፈ መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል። ከዚያ በኋላ መታሰቢያው በቀን ተቆጥሮ ይሄዳል፦ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። ቀኖቹ እንዲሁ የተመደቡ አይደሉም። ሦስተኛው የጌታን ትንሣኤ ያስታውሳል፤ ሠላሳው እስራኤል ሙሴን ያለቀሱበት ቁጥር ነው። አርባና ሰማንያ ደግሞ የጥምቀት ቁጥሮች ናቸው፤ በኩፋሌ እንደ ተጻፈው አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት የገቡበትን መሠረት አድርገው ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የገባበት ቁጥርና ከዚህ ዓለም ከወጣ በኋላ የሚታሰብበት ቁጥር እንዲህ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። እግዚአብሔር የማይረሳ ከሆነ አስታዋሽ ለምን ያስፈልገዋል? መልሱ ያለው «ማሰብ» የሚለው ቃል በቅዱሳት መጻሕፍት በተያዘበት አያያዝ ውስጥ ነው። በኦሪት እግዚአብሔር ኖኅን አሰበ ሲባል ረስቶት ኖሮ ትዝ አለው ማለት አይደለም፤ ደረሰለት፣ ውኃውን አጎደለለት ማለት ነው። ሐናን አሰባት ሲባልም ልጅ ሰጣት ማለት ነው። ማሰብ ሥራ ነው። በመስቀል ላይ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የለመነውም መታሰብን ነው፤ ከሕይወቱ ቆጥሮ የሚያቀርበው አንድ ጀብዱ አልነበረውም። የተዝካር ጸሎት የዚህ ወንበዴ ልመና በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ነው ማለት ይቻላል። ለቅሶው ሰውየው ምን እንዳደረገ ለሰው ይናገራል፤ ፍትሐቱ ምን እንዲደረግለት እንደሚያስፈልገው ለእግዚአብሔር ያመለክታል። በጎረቤት አንደበት ብዙ ያልተለመደው የክርስትና ስም መመረጡም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ያ ስም በሰው ፊት ዝና አላተረፈም።

ይህ ትምህርት በሁሉ ዘንድ ተቀባይነት የለውም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሰው ዕጣ በሞቱ ሰዓት ይለያል ብለው ስለሚያምኑ ለሙታን አይጸልዩም። በምዕራቡ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይሁዳ መቃቢ በጦርነት ለወደቁት ወታደሮቹ መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ የላከበት ታሪክ ነው፤ እርሱ ያለው በግሪኩ መቃብያን ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚነበቡት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ከስሙ በቀር ሌላ ታሪክ የያዙ ናቸው። የአገሩ ልማድ የቆመው ይልቁንም በፍትሐ ነገሥቱ ሥርዓት፣ በቅዳሴው ውስጥ ለሙታን በሚደረገው ልመናና ቅዱሳን በስማቸው ዝክር ለሚዘክር በተቀበሉት ቃል ኪዳን ላይ ነው። ሙስሊሞችም በበኩላቸው ለሟቾቻቸው ሰደቃ ያወጣሉ፤ ድኻን በሟች ስም ማብላት የሁለቱም ቤት ወግ ነው።

አርበኛው አባት ሲታሰብ ከሁሉ የሚከብደው የደሙ ነገር ነው። በጥንት አባቶች መካከል በዚህ ላይ አንድ ድምፅ አልነበረም። ቅዱስ አትናቴዎስ ለአሙን በጻፈው መልእክት መግደል የተከለከለ ቢሆንም በጦርነት ጠላትን መግደል የተፈቀደና የሚያስመሰግን መሆኑን ተናግሯል። ቅዱስ ባስልዮስ ግን አባቶች ይህን እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት አምኖ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ ይሻላል ብሎ መክሯል። ሁለቱም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዳንዱ በስማቸው የሚጠራላቸው አባቶች ናቸው፤ ስለዚህ የቢቸና ካህን አንዱን ይዞ ሌላውን ሊጥል አይችልም። የወረራው ዘመን ሚዛኑን ወደ አትናቴዎስ አጋደለው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተረሸኑ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. ከተጨፈጨፉ በኋላ አርበኛውን ከሃይማኖት ተዋጊ ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ሆነ። የባስልዮስ ምክር ግን አልሞተም፤ የነፍስ አባትና የነፍስ ልጅ ብቻቸውን በሚነጋገሩበት ስፍራ ኖረ።

የረጅም ዕድሜ ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጦር ሜዳ የወደቀው ያደረገውን መልሶ ለማየት ጊዜ አላገኘም። የተረፈው ግን ከገደለው ሰው ጋር ስድሳ ዓመት ኖረ። የአገሩ ሰው በጉብዝናው ወራት ከቁርባን ርቆ ቆይቶ ሲሸመግል መመለሱ የተለመደ ነው። ከባለቤቱ ጋር ይቆርባል፤ ወይም ባለቤቱ ስትሞትበት ቆብ ይጭናል፣ ይመነኩሳል። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ስለሚቆጠር የግንዘት ጸሎት በቁሙ ይደረስለታል። ያን ጊዜ በጎረቤት ዘንድ ስሙ እንደገና በ«አባ» ይጀምራል። በፈረስ ስም ላይ ያለው «አባ» ባለቤትነትን፣ የፈረሱ ጌታ መሆንን ይናገራል፤ በምንኩስና ስም ላይ ያለው «አባ» ሁሉን የተወን ሰው ይጠራል። አንድ ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከጌትነት ወደ መተው ሲሻገር ማየት የሚቻለው ሰውየው ለማርጀት ሲታደል ብቻ ነው። ዕድሜ ጸጋ ነው ሲባል በዚህ በኩል ቢታይ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

በእነዚህ አጥቢያዎች ያለው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ትረካም ሽማግሌውን ወደዚሁ አሳብ ይመራዋል። ሰባ ስምንት ሰው የበላው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ መዳኑ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ይነገራል። ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን የሚያሳየውን ሥዕል በልጅነቱ ያየ ሰው በሰማንያ ዓመቱ ሲያየው ሌላ ነገር ያያል። በሞጣ በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወለተ እስራኤል የተተከለው ታላቁ ደብር፣ በቢቸና አቅራቢያ ያለው ጥንታዊው የዲማ ገዳምም፣ ሁለቱ የጊዮርጊስ ናቸው። ጊዮርጊስ ወታደር ነበር፤ በፈረስ ተቀምጦ በጦር ዘንዶውን ሲወጋ ይሣላል። ገድሉ የሚያከብረው ግን ሰባት ዓመት መከራ መቀበሉን፣ ሦስት ጊዜ ሞቶ መነሣቱን፣ ለነገሥታት ጣዖት አለመስገዱን ነው። ሰው ገድሎ አይደለም ሰማዕት የተባለው። አርበኛው በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን የሚያነግሠው ወታደር ከእርሱ ፉከራ ጋር የማይገጥም ወታደር ነው፤ ያለ ንግግር ሲያስተምረው የኖረ መምህር ነበር ማለት ይቻላል።

ጎጃም ውስጥ አባትን ማስታወስ ከሰማይ ጉዳይ በፊት የመሬት ጉዳይም ነበር። ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር፤ አንድን አገር መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት በአባትም ሆነ በእናት በኩል መወለዱን የሚያስረዳ ሰው የመሬቱን ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወደ ላይ እየቆጠሩ መድረስ ጌጥ ሳይሆን የክርክር ማስረጃ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አላን ሆበን ደጋ ዳሞት ላይ ያጠናው የጎጃም ርስት ሥርዓት ይህን በዝርዝር ያሳያል። ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ሲሞት መዝገብ ቤት እንደ ተቃጠለ ነው። ጋብቻም በዚሁ እውቀት ይመራ ነበር፤ ሙሽራና ሙሽሪት እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አለመሆናቸው ተቆጥሮ ይታወቃል። የ1960 ዓ.ም. የገበሬ አመጽ ከሞጣ፣ ከቢቸናና ከዳሞት ሲነሣ መነሻው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ይሁን እንጂ፣ ከሥሩ የነበረው መሬቱ ተለክቶ የአባት ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበር። በጠላት ጊዜ የተዋጉ ሰዎች በሽምግልናቸው ዋዜማ እንደገና ጠመንጃ አነሡ። መንግሥት አውሮፕላን ሳይቀር ላከባቸው፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ የግብሩም ውዝፍ ተማረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ዘጋ። መሬት በትውልድ መጠየቁ ቀረ፤ የአያትን ስም ማወቅ ጥማድ መሬት አያስገኝም ተባለ። ለመሬት አልባው ይህ ፍትሕ ነበር፤ ርስት ከሚቆጠርለት ሰው ጎን የማይቆጠርለት ሸማኔና ቀጥቃጭ ሁልጊዜም ነበር። ለመታሰቢያ ግን ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባትን ከጥቅም የተነሣ ያስታወሰውና ከፍቅር የተነሣ ያስታወሰው ሰው አይለዩም ነበር። ከዚያ ወዲህ የአያቱን አባት ስም የሚያውቅ የቢቸና ልጅ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ብዙው ረስቷል፤ ያልረሳው ያለ ዋጋ አልረሳም።

ቤተሰብ ሟቹን በስም አወጣጥም ይይዘዋል፤ አያት በሞተበት ሰሞን የተወለደ ልጅ ምትኩ ወይም ካሳ ይባላል። በጎጃም የበዛው አስረስ የሚለው ስም ግን ከሁሉ ይደንቃል፤ ትርጉሙ ኀዘንን አስረሳ ማለት ነው። ዮሴፍም በግብፅ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው በዚሁ አሳብ ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር ግን የተረሳው ኀዘን ይታወሳል።

ድግሱ የሚያመጣው ጉዳት አለ፤ መሸፋፈን አይገባም። በሬ ተሽጦ፣ ብድር ተገብቶ፣ ወላድ ላም ታርዳ የወጣ ተዝካር ልጆችን ለዓመታት አድኽይቷል። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ጸሎትና ለድኻ ምጽዋት ነው፤ የሚያደኸየው ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ነው። አባትን ማክበር የልጁን ጎተራ ማራቆት ከሆነ፣ ያን ጎተራ ለመሙላት ዕድሜውን የፈጀው አባት አልታሰበም። ይህን የተረዱ ሽማግሌዎች ተዝካራቸውን በሕይወት እያሉ ያወጣሉ፤ የቁም ተዝካር ይባላል። ወራሽ የሌለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ልጆቹን ማስቸገር የማይፈልግ አባትም ያደርገዋል። ራሱ ደግሶ፣ ራሱ ድኻውን አብልቶ፣ የገዛ ራሱን መታሰቢያ ተቀምጦ ያያል። በዚያ ዳስ ውስጥ ፉከራ የሚያሰማ ቢኖር እንኳ ባለቤቱ ይሰማዋል፤ ያልሠራውን ሠራ ቢሉት ማረም ይችላል።

ሰው መሞቻውን ሲያውቅ ይናዘዛል። ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ የነፍስ አባቱ ተቀምጠው፣ ያለበትን ዕዳና የሰጠውን ብድር ይናገራል፤ የተጣላውን ያስታርቃል፣ ከብቱን ይከፍላል፣ መቃብሩ የት ደብር እንዲሆን ይወስናል። ዘጠና ዓመት የኖረ ሰው ሲናዘዝ ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱ፣ የክርስትና አባቱና ያጠመቀው ቄስ ነበሩ፤ ሁሉም ከሞቱ ቆይተዋል። የፈረስ ስሙን አገር ያውቀዋል፣ የዘወትር ስሙ በልጆቹ ስም ላይ ተጽፏል፤ ያ ሦስተኛው ስም ግን ከእርሱና ከነፍስ አባቱ በቀር ማንም ዘንድ የለ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ታላቂቱን ልጅ ወይም የልጅ ልጁን ወደ መደቡ ያስጠጋል፤ ስሙን ቀስ ብሎ ይነግራታል፣ እንዳትረሳውም ደግማ እንድትለው ያደርጋታል።